ምዕራፍ ሰባት፦ ቁናውን ማን ይለካዋል?

ብሮድ ስትሪት ቁጥር 41

በኒውዮርክ ከተማ፣ በማንሃተን ደሴት ደቡባዊ ጫፍ፣ ብሮድ ስትሪት ቁጥር 41 ላይ በ1929 የተሠራ የባንክ ሕንፃ አለ። (በተለየ ካልጠቀስኩ በስተቀር በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ያሠራው ሊ ሂጊንሰን የተባለ፣ መሠረቱ ቦስተን የሆነ የኢንቨስትመንት ባንክ ነበር። የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ በዚያው ጎዳና ላይ ጥቂት እልፍ ብሎ ይገኛል። በትልቁ የባንክ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ግሪፊዝ ቤይሊ ኮል የተባለ ሰዓሊ የመርከቦችን ታሪክ ሥሎበታል። የቦንድ ገዢዎች ይገቡበት የነበረው ያ አዳራሽ ከ2005 ወዲህ የትምህርት ቤት ሆኗል።

ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ክሌርሞንት ይባል ነበር። በ2011 ሜሪታስ የተባለ፣ በልዩ ልዩ አገሮች ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድር ኩባንያ ወሰደውና ስሙ ሌማን ማንሃተን ሆነ። ይኸው ኩባንያ በጄኔቭ ሐይቅ ዳርቻ ኮሌዥ ዱ ሌማን የተባለ የቆየ ትምህርት ቤት ነበረው። የማንሃተኑ ትምህርት ቤት ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ እስከ 12ኛ ክፍል ያስተምራል፤ ከውጭ አገር ብቻቸውን ለሚመጡ ከፍ ያሉ ተማሪዎችም ማደሪያ አዘጋጅቷል። ክፍያው የማደሪያው ሳይታሰብ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ነው።

ሰፈሩ የልጆች ሰፈር አልነበረም። የዎል ስትሪት አካባቢ ለረጅም ዘመን ጠዋት ሞልቶ ማታ የሚራቆት የቢሮ መንደር ሆኖ ኖሯል። በ1995 ከተማው አሮጌ ቢሮዎችን ወደ መኖሪያ ቤት ለሚቀይሩ ባለ ሕንፃዎች የግብር ቅነሳ ፈቀደ። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላም አካባቢው ሲገነባ አፓርታማው እየበዛ ሄደ። ቤተሰብ ሲገባ ልጅ ይመጣል፤ ልጅ ሲመጣ ትምህርት ቤት ይፈለጋል። ይህ ግን በዚያ ጎዳና ላይ ትምህርት ቤት ለምን እንደተከፈተ እንጂ «ዓለም አቀፍ» የሆነው ለምን እንደሆነ አይነግረንም። ወላጅ ያን ያህል ብር ከፍሎ የሚገዛው ምንድን ነው? እንግሊዝኛ እንዳንል ጎረቤቱ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ጥሩ መምህራንና ያማረ ቤተ ሙከራ እንዳንል እነሱን በሌላ ሰፈርም ማግኘት ይቻላል።

የእኔ መልስ አንድ ነው፤ ይህ ምዕራፍም የሚያጠነጥነው በእሱ ላይ ነው። እነዚህ ወላጆች ከምንም ነገር በላይ የሚገዙት ድንበር ሲሻገር ዋጋው የማይወርድ የትምህርት ማስረጃ ነው።

አሥር ቁና ጤፍ

በምዕራፍ አራት ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ስናነሳ ከኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ ጋር ተዋውቀናል። አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያሳየን፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ሳያውቅ ሲቀር ጥሩው ዕቃም ከመጥፎው ጋር አብሮ እንደሚረክስ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ማይክል ስፔንስ ያንኑ ሐሳብ ወደ ሥራ ገበያ ወሰደው። ቀጣሪ የአመልካቹን ችሎታ ውስጡ ገብቶ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ዲግሪን እንደ ምልክት ያነበዋል። ሁለቱ ሰዎች ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር በ2001 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት በዚህ ሥራቸው ነው።

የስፔንስ ትንታኔ አንድ ነገር እንደ ተሟላ አድርጎ ይነሳል፦ ምልክቱን የሚያነበው ሰው የምልክቱን ዋጋ ያውቃል። አንድ አገር ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የባሕር ዳር ቀጣሪ የጎንደር ዩኒቨርሲቲን ዲግሪ ለመመዘን አይቸገርም። ነገሩ የሚበላሸው ምልክቱ ከሚያውቁት ሰዎች አልፎ ሲሄድ ነው።

ገበያ እንሂድ። አንድ ገበሬ ከቤቱ አሥር ቁና ጤፍ ሰፍሮ በአህያ ጭኖ ይወጣል። ጤፉን ያውቀዋል፤ ቁናውንም ያውቀዋል። የሄደው ሌላ ወረዳ ከሆነ ግን የዚያ ገበያ ቁና የእሱን ቁና ላያህል ይችላል። እሱ ዘንድ አፉን በእጅ ጠርገው ይሰፍራሉ፤ እዚያ ቆልለው ይሰፍራሉ። አሥር ቁና ይዞ የወጣው ሰው አንዲት ፍሬ ሳትፈስበት ዘጠኝ ቁና ይዞ ይገኛል። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረትና ምሳሌያችን እንኳ ቁናው ያው ራሱ መሆኑን አምኖ ነው የሚነሳው። ለገበሬው ያለው መፍትሔ ቁናውን ይዞ መዞር አይደለም፤ ገዢው የእሱን ቁና ለማመን ምክንያት የለውም። የሚያዋጣው ሁለቱም የሚያምኑት፣ የሁለቱም ያልሆነ ሚዛን ነው።

አሁን ጤፉን በልጅ እንተካው። አባቷ የባንክ ሠራተኛ ነው እንበል። ሦስት ዓመት ሲንጋፖር፣ ሁለት ዓመት ፍራንክፈርት፣ ከዚያ ኒውዮርክ። በሲንጋፖር 85 ያገኘችበት የሒሳብ ውጤት በፍራንክፈርት ስንት ነው? ጀርመን ከ1 እስከ 6 ነጥብ ትሰጣለች፤ እዚያ 1 ከሁሉ ይበልጣል። ፈረንሳይ ከ20 ትመዝናለች፤ አሜሪካ በፊደል። ልጅቷ የምታውቀው አልቀነሰም። በየደረሰችበት ግን እንደገና ትሰፈራለች፤ በየስፍሩም የሆነ ነገር ይጎድልባታል። አንዱ ትምህርት ቤት ዓመት ያስደግማታል፤ ሌላው የተማረችውን እንደገና ያስተምራታል፤ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ስትደርስ የትኛውን አገር ፈተና እንደምትወስድ እንኳ ግራ ይገባታል። ለተንቀሳቃሽ ቤተሰብ እውነተኛው ጭንቅ ይህ ነው።

የክብሪቱ ባለጸጋ

«የሁለቱም ያልሆነ ሚዛን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ከዚያው ከብሮድ ስትሪት ሕንፃ መራቅ አያስፈልገንም።

ሊ ሂጊንሰን ያን ሕንፃ ሲያሠራ ከትልልቅ ደንበኞቹ አንዱ ስዊድናዊው ኢቫር ክሩገር ነበር። ክሩገር የክብሪት ፋብሪካዎች ባለቤት ነው። ገንዘብ ለተቸገሩ መንግሥታት ብድር እየሰጠ በለውጡ የክብሪት ሞኖፖል፣ ማለትም ክብሪትን ለብቻው የመሸጥ መብት፣ ይወስድ ነበር። ብድሩን የሚሰጠው ከአሜሪካ ሕዝብ በሚሰበስበው ገንዘብ ሲሆን፣ አክሲዮኑንና ቦንዱን ለአሜሪካውያን የሚሸጥለት ሊ ሂጊንሰን ነበር። ባንኩ በክቡርነቱ የታወቀ፣ በ1848 የተመሠረተ ነው። ገዢው ባንኩን አመነ፤ ባንኩ ክሩገርን አመነ። የክሩገርን የአውሮፓ ድርጅቶች መዝገብ ግን ባንኩ በገለልተኛ ኦዲተር አላስመረመረም። ክሩገር ስለ ራሱ የሚናገረውን ቁጥር ክሩገር ራሱ ሰፍሮት ነበር።

በመጋቢት 1932 ክሩገር ፓሪስ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። መዝገቡ ሲከፈት በሐሰት የተሠሩ የጣሊያን መንግሥት ቦንዶች ተገኙበት። በዚያው ዓመት ሊ ሂጊንሰን ወደቀ። አዲሱ ሕንፃ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። በማግስቱ ዓመት፣ በ1933፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አክሲዮንና ቦንድ ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያ ሒሳቡን በገለልተኛ ባለሙያ አስመርምሮ እንዲያቀርብ የሚያስገድደውን ሕግ አወጣ። የክሩገር ውድቀት ሕጉን ለማውጣት ከገፋፉት ቅሌቶች አንዱ ነው።

በምዕራፍ ሁለት ገንዘብ መተማመን ነው ብለን ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር፦ ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ መተማመን የሚጸናው ሰፋሪውና ባለ ዕቃው ሲለያዩ ነው። ትምህርት ቤት ለገዛ ተማሪው ውጤት ሲሰጥ ሰፋሪውም ባለ ዕቃውም ራሱ ነው። መምህሩ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ ሐቀኝነቱን ሦስት ባሕር ተሻግሮ ያለ ሰው ሊያውቅለት አይችልም።

ከጄኔቭ የተነሳ ፈተና

ለዚህ ችግር መላ የተፈለገው መጀመሪያ በገንዘብ ከተማ ሳይሆን በዲፕሎማት ከተማ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታት ማኅበር ተቋቁሞ መቀመጫውን ጄኔቭ አደረገ። ኢትዮጵያም በ1923 አባል ሆነች። ከየአገሩ የመጡት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የት ያስተምሩ? በ1924 የማኅበሩና የዓለም የሥራ ድርጅት ሠራተኞች ከስዊዘርላንድ የትምህርት ሰዎች ጋር ሆነው የጄኔቭን ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ተመሳሳይ ምክንያት ኒውዮርክ ላይ፣ በ1947፣ የተባበሩት መንግሥታት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤትን አስገኘ። አዲስ አበባም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም፦ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963፣ ዓለም አቀፉ የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ደግሞ በ1964። ዲፕሎማት በሰፈረበት ሁሉ ትምህርት ቤት ይከተለዋል።

የጄኔቩ ትምህርት ቤት ግን ለአሥርት ዓመታት አንድ ራስ ምታት ነበረበት። አብረው አንድ ክፍል የተቀመጡ ልጆች መጨረሻ ላይ ይበታተናሉ። ፈረንሳዊው ለባካሎሬያ፣ እንግሊዛዊው ለኤ ሌቭል፣ አሜሪካዊው ለኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ ሌላውም ለየአገሩ ፈተና ይዘጋጃል። መምህራኑ ለምን ለሁሉም አንድ ፈተና አናበጅም ብለው በ1960ዎቹ ሥራ ጀመሩ። የፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ ረዳ፤ የኦክስፎርዱ አሌክ ፒተርሰን መራው። ኢንተርናሽናል ባካሎሬት፣ በአጭሩ አይቢ፣ በ1968 ጄኔቭ ላይ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ ተመዘገበ። ዎል ስትሪት አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የሚሰጠው የአይቢ ዲፕሎማ የዚህ ሥራ ውጤት ነው።

ሰባት ነጥብ እንዴት ይሰጣል?

የአይቢ ተማሪ በሁለት ዓመት ስድስት ትምህርቶች ይወስዳል። ብዙውን ጊዜ ሦስቱን በጥልቀት፣ እያንዳንዱን በ240 ሰዓት፣ ሦስቱን ደግሞ ቀለል አድርጎ በ150 ሰዓት ይማራል። እያንዳንዱ ትምህርት ከ7 ይመዘናል፤ ድምሩ 42። አራት ሺህ ቃል የሚደርስ የምርምር ጽሑፍና «ያወቅነውን እንዴት አወቅነው?» የሚል የአስተሳሰብ ትምህርት ተጨምረው እስከ 3 ነጥብ ያስገኛሉ። ጣሪያው 45 ነው። ዲፕሎማውን ለማግኘት ቢያንስ 24 ነጥብና አንዳንድ ተጨማሪ ሁኔታዎች ያስፈልጋሉ። ከሁሉም የምወደው ግን ሌላ ሕግ ነው፦ ትምህርት ቤቱ መምህር ባይኖረው እንኳ ተማሪ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ሥነ ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ ድጋፍ ራሱን እያስተማረ እንዲፈተን የሚፈቅድ መንገድ አለ። ዓለም አቀፍ ትምህርት የልጅን ቋንቋ መብላት የለበትም።

እነዚህ ግን የሥርዓተ ትምህርቱ ዝርዝሮች ናቸው። የሚዛኑ ምሥጢር ያለው ከፈተናው በኋላ በሚሆነው ነገር ነው።

ተማሪዋ ማንሃተን ላይ የጻፈችው መልስ ስካን ይደረግና ሌላ አገር ላለ አራሚ በኮምፒውተር ይደርሰዋል። አራሚው ስሟን አያውቅም፤ ከየት እንደመጣች አያውቅም። ከሚታረሙት ወረቀቶች መካከል ዋና አራሚዎች አስቀድመው ነጥብ የሰጧቸው ወረቀቶች ሳይታወቁ ተሰግስገው ይመጡለታል። አራሚው ለእነዚህ የሚሰጠው ነጥብ ከተወሰነው በጣም ከራቀ እንዳያርም ይታገዳል። ይህ ማለት ጤፉ ሲሰፈር ቁናውም አብሮ እየተለካ ነው። የምዕራፉን ርዕስ ጥያቄ በተግባር የሚመልሰው ይህ አሠራር ነው።

ሁለተኛው ዘዴ መምህሩን ይመለከታል። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ ሥራ፣ የቃል ፈተና፣ እነዚህን የሚያርመው የራሷ መምህር ነው። መምህሩ ካረማቸው ጥቂት ናሙና ወደ ውጭ መርማሪ ይላካል። መርማሪው መምህሩ እጁ ለስላሳ ሆኖ ካገኘው የሁሉንም ተማሪዎቹን ነጥብ ይቀንሳል፤ ጨካኝ ሆኖ ካገኘውም ይጨምራል። የቆልሎ ሰፋሪውና የጠርጎ ሰፋሪው ልዩነት በዚህ ይስተካከላል። መምህሩ ዋሽቷል አልተባለም፣ አልተወነጀለም፤ ቁናው ብቻ ታረመ።

ሦስተኛው፣ ለ7 ስንት መቶኛ ያስፈልጋል የሚለው አስቀድሞ የተቆረጠ አይደለም። ዘንድሮ ፈተናው ከአምናው ከብዶ ከነበረ ወሰኑ ዝቅ ይላል። ይህን የሚወስኑት አንጋፋ አራሚዎች ያለፉትን ዓመታት ወረቀቶች ከዘንድሮው ጋር አስተያይተው ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ማጭበርበር ያየዋል። ግን ዓላማው የ2019 ሰባትና የ2023 ሰባት አንድ ዓይነት ዕውቀት እንዲሆኑ ነው፤ የፈተናው ጥያቄ በየዓመቱ ስለሚለወጥ ወሰኑ ባይለወጥ ኖሮ ሚዛኑ ራሱ በየዓመቱ ይለዋወጥ ነበር።

ሚዛኑ ሲሳት

በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት የግንቦቱ ፈተና ተሰረዘ። ከ170 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግን ውጤት መቀበል ነበረባቸው። ድርጅቱ የክፍል ሥራቸውን፣ መምህራን የገመቱላቸውን ነጥብና የየትምህርት ቤቱን ያለፉ ዓመታት መረጃ በአንድ ቀመር አጣምሮ በሐምሌ ውጤት አወጣ። ቁጣው ከባድ ነበር። ከተገመተላቸው በእጅጉ ያነሰ ነጥብ ያገኙ፣ ለዩኒቨርሲቲ የነበራቸውን ቦታ ያጡ ልጆች አቤቱታ ጻፉ። በነሐሴ ድርጅቱ ቀመሩን አሻሽሎ የብዙዎቹን ነጥብ ከፍ አደረገ።

ቁጣው ተገቢ ነበር እላለሁ፤ ምክንያቱም ከነጥቡ መውረድ ጠለቅ ይላል። አንዲት ልጅ ከእሷ በፊት በዚያ ትምህርት ቤት የተማሩ ሌሎች ልጆች ባመጡት ውጤት መመዘኗ፣ በጎረቤቷ ማሳ ምርት መሰፈሯ ነው። የሚዛኑ ክብር የሚመጣው የእሷን ጤፍ በመስፈሩ ነበር፤ ያን ዓመት ግን የእሷን ጤፍ የሰፈረ አልነበረም።

በግንቦት 2024 ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ታየ። ፈተናው በመላው ዓለም በአንድ ቀን ቢሰጥም ፀሐይ በአንድ ሰዓት አትወጣም። ቀደም ብሎ በሚነጋባቸው አገሮች የተፈተኑ ጥቂት ተማሪዎች የሒሳብ ጥያቄዎችን በኢንተርኔት አሰራጩ፤ ወደ ምዕራብ ያሉት ገና አልገቡም ነበር። ድርጅቱ ይህ መፈጸሙን አመነ። ሚዛን ሰፊ ክልል በሸፈነ ቁጥር የሚጠበቅበት በርም ይበዛል።

ብሩ ወዴት ይሄዳል?

ሚዛኑ የጄኔቩ ድርጅት ነው። ሕንፃውና ትምህርት ቤቱ ግን የሌላ ናቸው። በ2015 ኖርድ አንግሊያ የተባለው ኩባንያ የማንሃተኑ ትምህርት ቤት እህት የሆነውን ኮሌዥ ዱ ሌማንን ጨምሮ ስድስት ትምህርት ቤቶችን ከሜሪታስ በ559 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኖርድ አንግሊያ ራሱ በ4.3 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ከገዢዎቹ አንዱ የካናዳ የጡረታ ፈንድ ነው። በ2024 ደግሞ 14.5 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት አዲስ የባለቤትነት ስምምነት ተፈረመ። ስለዚህ በጄኔቭ ሐይቅ ዳርቻ የሚከፈለው የትምህርት ቤት ክፍያ ጥቂቱ ዞሮ ዞሮ ለአንድ የቶሮንቶ ጡረተኛ ይደርሳል ማለት ይቻላል።

ባለ ገንዘቦቹ ለምን ወደዱት? የሁለት ዓመት ዲፕሎማ የጀመረች ልጅ መሃል ላይ ለመልቀቅ ትቸገራለች። ከአገር አገር የሚዛወር ሠራተኛን የልጅ ክፍያ ብዙ ጊዜ አሠሪው ይሸፍነዋል። ኩባንያው በብዙ አገር ትምህርት ቤት ካለው ደግሞ ቤተሰቡ ሲዛወር ደንበኛው ከእጁ አይወጣም። እንዲህ ያለ ገቢ አክሲዮን ገበያ ሲወርድም ቶሎ አይወርድም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች እንዳይምታቱ አንባቢን እለምናለሁ። በአሜሪካ የአይቢ ፕሮግራም የሚሰጡት ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ የመንግሥት ናቸው፤ ተማሪው ለትምህርቱ ክፍያ አይጠየቅም። ያው ፈተና፣ ያው አራሚ፣ ያው 45 ነጥብ። በዎል ስትሪት ዙሪያ ያለው ወላጅ ከሚከፍለው ውስጥ ለሚዛኑ የሚውለው ጥቂት ነው። የተቀረው ለቦታው፣ ለክፍሉ ተማሪ ማነስ፣ አብረው ለሚቀመጡት ልጆችና ለባለ አክሲዮኑ ይሄዳል። የጋራ ሚዛን የሀብታም ዕቃ ሆኖ የተፈጠረ አይደለም። በብዙ አገር የሀብታም ብቻ ሆኖ የቀረው መንግሥታት ስላልፈለጉት ወይም ስላልቻሉት ነው፤ ይህ ደግሞ ሊለወጥ የሚችል ነገር ነው።

ወረቀታቸው የማይሻገርላቸው

እስካሁን ስለ ባንክ ሠራተኛ ልጅ አወራሁ። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚነካው ግን ሌላ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ በምሕንድስና ተመርቆ ዋሽንግተን ታክሲ የነዳ፣ በነርስነት ሠርታ ባሕረ ሰላጤ ስትደርስ ሞግዚት የሆነች፣ እስራኤል ገብቶ የመምህርነት ማስረጃውን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ፣ እንዲህ ያሉ ዘመዶች የሌሉት ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። እነዚህ ሰዎች ጤፋቸው አልጎደለም። የደረሱበት ገበያ ቁናቸውን አላወቀውም። ትራንስክሪፕት ማስገምገም፣ ማስተርጎም፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲ ማረጋገጥ፣ ከዚያ የደረሱበትን አገር የሙያ ፈተና መውሰድ፤ ሁሉም ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ቤት ኪራይና ወደ አገር ቤት የሚላክ ብር ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ መንገዱን ይተወዋል።

ጥፋቱን ሁሉ በተቀባዩ አገር ላይ መጣል ግን ልክ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች አስቀድመው ወጥተው ፈተናው ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታትም ኩረጃው እየተባባሰ ሄደ። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ እንዲፈተኑ ሲደረግ ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ያ ቁጥር አገር አስለቅሷል። ብዙዎች ፈተናውን ወቀሱ። እኔ ሰፋሪና ባለ ዕቃ የተለያዩበት ቀን አድርጌ ነው የማየው፤ ፈታኙ ከየትምህርት ቤቱ እጅ ወጣ። ቁናው ሲስተካከል ግን ጆንያው አይሞላም። መጽሐፍ ሳይደርሳቸው፣ መምህር ሳይሟላላቸው አሥራ ሁለት ዓመት የተቀመጡ ልጆች በትክክለኛ ሚዛን መመዘናቸው ለእነሱ ፍትሕ የሚሆነው ከሚዛኑ በኋላ ትምህርቱ ከተስተካከለላቸው ነው።

በድንበር ማዶ ያለውን ችግር ለመፍታት ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ የከተማችንን ስም ይዟል። በታኅሣሥ 2014 የአፍሪካ አገሮች በዩኔስኮ አማካይነት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃን እርስ በርስ የማወቅ ስምምነት አጸደቁ፤ የአዲስ ስምምነት ይባላል፤ በታኅሣሥ 2019 ሥራ ላይ ዋለ። በዩኔስኮ ሥር የተዘጋጀ ተመሳሳይ ዓለም አቀፍ ስምምነትም በመጋቢት 2023 ሥራ ላይ ውሏል። የእነዚህ ስምምነቶች ትልቁ ለውጥ የማስረዳት ሸክሙን ማዞራቸው ነው። ቀድሞ ስደተኛው ዲግሪው እኩል መሆኑን ማስረዳት ነበረበት። በስምምነቱ መሠረት ተቀባዩ አገር ማስረጃውን ላለመቀበል ከፈለገ ጉልህ ልዩነት መኖሩን ራሱ ማሳየት አለበት።

ይህ በወረቀት ትልቅ ነገር ነው፤ ሥራ ላይ የሚውለው ግን በሁለት ጫፍ ሰው ሲኖር ነው። ተቀባዩ አገር ስለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሲጠይቅ ከላኪው አገር መልስ የሚሰጥ፣ የተማሪዎቹን መዝገብ በአግባቡ ያስቀመጠ፣ ደብዳቤ ሲደርሰው ወር የማይፈጅ ሬጅስትራር መኖር አለበት። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጣ የታሸገ ትራንስክሪፕቷን የምትጠብቅ ነርስ ቀጠሮዋ ያለው እዚህ፣ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ጽሕፈት ቤት መስኮት ነው። መንግሥት ለትምህርት ጥራት በጀት ሲይዝ ይህ መስኮት ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ሊሰለፍ ይገባዋል፤ ዋጋውም ከአንድ ቤተ ሙከራ የሚበልጥ አይመስለኝም።